የግልገል መዝገብን ማቅለል

ጥያቄ፦ በመንዝ ሞላሌ የበግ ማሻሻያ ማኅበራችንን መዝገብ በአክሰስ እይዛለሁ። ለእያንዳንዱ ግልገል ቀበሌውንና የሚዛን ቀኑን ደጋግሞ መጻፍ አድካሚ ሆነብኝ። መላ አለው?

መልስ፦ አለው። ኮንትሮልን ይዘው የነጠላ ጥቅስ ቁልፉን ሲጫኑ ከላይኛው መዝገብ ያለው ይገለበጣል። የሚሻለው ግን ፎርሙን መለወጥ ነው፤ ቀበሌና ቀን በዋናው ፎርም አንዴ ይጻፉ፣ ግልገሎቹ በንዑስ ፎርም ይደርደሩ። የእናቲቱን የጆሮ ቁጥር ከዝርዝር ይምረጡ እንጂ አይጻፉ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ግልገሉ የሌላ በግ ልጅ ሆኖ ይመዘገባል፤ የአውራ ምርጫውም ይበላሻል። አውራው የሚመረጥበትን የ6 ወር ክብደት ግን በፍጹም በራሱ እንዲሞላ አያድርጉ፤ ሚዛኑ ላይ የታየው ብቻ ይግባ። አክሰስ ቀን የሚይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር በመሆኑ የኢትዮጵያን ቀን ለብቻው ይመዝግቡ። ፎርሙን ከመንካትዎ በፊትም የፋይሉን ቅጂ በፍላሽ ያስቀምጡ።