የኢንተርኔት ስልክ ሲቆራረጥ፤ ፍጥነት ከመግዛት በፊት

በስልክ ዋጋ ሲነገር አንዲት ፊደል ብትጠፋ «ሰባት ሺህ» የተባለው «ሰባ ሺህ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ለነጋዴና ለደላላ እንዲህ ያለው ስህተት ገንዘብ ነው። የቢሮ ስልካቸውን ወደ ኢንተርኔት ያዛወሩ አንዳንድ ድርጅቶች ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር የበለጠ ፍጥነት ያለው መስመር ለመግዛት ይቸኩላሉ። ችግሩ የፍጥነት ማነስ ካልሆነ ግን ወጪው ከንቱ ነው።

የኢንተርኔት ስልክ ድምፅን በትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ ይልካል። በተለመደው አሠራር በአንድ ሰከንድ 50 ጥቅሎች ይሄዳሉ። ኢ-ሜይል ጥቂት ቢዘገይ ማንም አያስተውልም፤ የዘገየ የድምፅ ጥቅል ግን ስለማይጠቅም ይጣላል። ኢንተርኔቱ እየሠራ ስልኩ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ጂ 711 በተባለው የተለመደ የድምፅ አላላክ ዘዴ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት ያነሰ ይወስዳል። 10 ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ 1 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል። እንግዲህ የመላኪያ ፍጥነቱ 10 ሜጋቢት የሆነ ቢሮ ስልኩ ከተቆራረጠበት፣ የጎደለው አቅም ሳይሆን ተራ አጠባበቅ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባዋል። አንድ ሠራተኛ ከባድ ፋይል ሲልክ ወይም የጥበቃ ካሜራው ምስል ወደ ውጭ ሲያስተላልፍ ድምፁ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። መፍትሔውም በራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ነው።

ይህን ለማጣራት ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ መደወል ይበቃል። ያን ጊዜ ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የቢሮው ሰልፍ ነው። በኬብል የተያያዘ ስልክ ማንም ኢንተርኔት በማይጠቀምበት ሰዓትም ከተቆራረጠ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሄድ ተገቢ ነው። ስልኩ በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ ግን አስቀድሞ በኬብል መሞከር ያስፈልጋል።

አንዱ ሲሰማ ሌላው ካልሰማ

ጥሪው ተነሥቶ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ሲሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ነው። ጥሪውን የሚያገናኘው መልእክትና ድምፁ በተለያየ መንገድ ስለሚጓዙ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሊታገድ ይችላል። በቢሮው ውስጥ ያሉ ስልኮች እርስ በርስ በደህና ተነጋግረው ከውጭ ጋር ብቻ ችግሩ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በራውተሩ ላይ «ኤስአይፒ ኤኤልጂ» የሚባለውን ማስተካከያ ማጥፋት በብዙ ቦታ ችግሩን ያቃልላል።

የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ ሰው ደግሞ የእርሱን ስልክ ከመቀየር ይልቅ ከወዲያ ያለውን ሰው የድምፅ ማጉያውን እንዲቀንስ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ማስተጋባቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በሌላው ጫፍ ነውና።

መብራት ሲጠፋ

የድሮው የመዳብ መስመር ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ስልኩ፣ ስዊቹና ራውተሩ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይሻሉ። ኮምፒውተሩን ብቻ ከዩፒኤስ ጋር አያይዞ ራውተሩን የተወ ቢሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ከደንበኞቹ ይለያል።

ሂሳቡ ሲያብጥ

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ድምፅ የለውም። ደካማ የይለፍ ቃል ያለው የቢሮ ስልክ ማዞሪያ በሌቦች እጅ ሊገባ፣ ሌሊትና በበዓል ቀን በድርጅቱ ስም ወደ ውጭ አገር ሊደወልበት ይችላል። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ የውጭ አገር ጥሪን ለሚያስፈልጋቸው ሠራተኞች ብቻ መክፈትና የዕለት ወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ችግሩ የደረሰበት ሰዓት፣ የተደወለው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሆኑ፣ የተበላሸው አንድ ስልክ ወይም ሁሉም መሆኑ በደብተር ይመዝገብ። አንዱ ብቻ ከሆነ ኬብሉ ወይም ስልኩ ይፈተሻል፤ ሁሉም ከሆኑ ራውተሩ ወይም መስመሩ። አገልግሎት ሰጪው «መስመሩ ደህና ነው» ሲል የሳምንት መዝገብ ይዞ የቀረበ ደንበኛ የሚከራከርበት ማስረጃ አለው።