ብርሃን በኒዮን ጥንድ ላይ ሲያርፍ

ብርሃን ከአቶም ኤሌክትሮን ማስለቀቅ ይችላል፤ ኤሌክትሮን ያጣው አቶምም አዮን ይባላል። ለዚህ የፎቶኑ ኃይል ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ጋር ካሰረው ኃይል ማነስ እንደሌለበት ከፎቶ ኤሌክትሪክ ትምህርታችን እናስታውሳለን። አቶሙ ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ሲሆንስ ምን ይከሰታል? ጥያቄውን በኒዮን ምሳሌነት እንመረምራለን።

ኒዮን እንደ ሂሊየም፣ አርጎንና ዜኖን ሁሉ ከኖብል ጋዞች ወገን ነው። የእነዚህ አቶሞች የውጭ ምህዋር በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነ በቀላሉ ኬሚካዊ ትስስር አይፈጥሩም። ሆኖም ጋዙ በከፍተኛ ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ቫክዩም ሲለቀቅ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አቶሞቹም በደካማው የቫን ደር ዋልስ ስበት ተያይዘው ትናንሽ ዘለላዎችን ይሠራሉ። ከእነዚህ ትንሹ ሁለት አቶሞች ያሉት ጥንድ ነው። በኒዮን ጥንድ ውስጥ በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት 0.31 ናኖ ሜትር ያህል ነው።

አስቀድመን ብቸኛውን አቶም እንመልከት። ከኒዮን የ2ፒ ምህዋር አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከ2ኤስ ምህዋር ደግሞ 48.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ፎቶኑ የ2ኤስ ኤሌክትሮን ቢያስወጣ፣ አንድ የ2ፒ ኤሌክትሮን ወርዶ ባዶውን ቦታ ይሞላል። የሚተርፈው ኃይል 48.5 − 21.6 = 26.9 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከአዮኑ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለመንቀል ግን 41 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚጠይቅ ትርፉ አይበቃም። ስለዚህ ብቸኛው አዮን ትርፉን በብርሃን መልክ ይለቃል።

በጥንዱ ውስጥ ሁኔታው ይለወጣል። 26.9 ኤሌክትሮን ቮልት ለራሱ ለአዮኑ ባይበቃም፣ ከጎረቤቱ አቶም 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት የሚጠይቀውን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ ይበቃል። ትርፉም ከአንድ ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። ፎቶኑ ያረፈው በአንዱ አቶም ላይ ሆኖ ሳለ ሁለቱም አዮን ይሆናሉ ማለት ነው።

ቀሪውን ሒሳብ እናወራርድ። 26.9 − 21.6 = 5.3 ኤሌክትሮን ቮልት ይተርፋል። በ0.31 ናኖ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት አዎንታዊ አዮኖች የሚገፋፉበት የኩሎምብ ኃይል ወደ 4.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስለዚህ አዮኖቹ በዚህ ኃይል ተገፋፍተው ይለያያሉ፤ የጎረቤቱ ኤሌክትሮንም ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት ባነሰ ኃይል ቀስ ብሎ ይወጣል።

ኢንተርአቶሚክ ኩሎምቢክ ዲኬይ በመባል የሚታወቀውን ይህን ሂደት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሎረንትዝ ሴደርባውምና ባልደረቦቹ በጀርመን፣ ሃይደልበርግ፣ በደካማ ትስስር ለተያያዙ ዘለላዎች በንድፈ ሐሳብ ተነበዩ። ትንበያው በ2003 በኒዮን ዘለላዎች፣ በ2004 ደግሞ በኒዮን ጥንድ ላይ በሙከራ ተረጋገጠ። በጥንዱ ሙከራ ሁለቱ አዮኖችና ዘገምተኛው ኤሌክትሮን በአንድነት ተለኩ። ኤሌክትሮኑ የበለጠ ኃይል ሲይዝ አዮኖቹ ያነሰ ይይዛሉ፤ ድምሩ ግን አይለወጥም። የኃይል ጥበቃ ሕግ ምስክርነቱን የሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩ በኖብል ጋዞች ብቻ አይወሰንም። በ2010 የታተሙ ሙከራዎች ተመሳሳይ ሂደት በውኃ ሞለኪውሎች መካከል እንደሚፈጸም አሳይተዋል። የሰውነታችን አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው። አነስተኛ ኃይል ያላቸው ኤሌክትሮኖችም የዲኤንኤን ሰንሰለት ሊበጥሱ እንደሚችሉ በ2000 በሙከራ ታይቷል። ስለሆነም ጨረር በሕያው ሕዋስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመረዳት፣ ጨረሩ ያረፈበትን ሞለኪውል ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም መመርመር ግድ ይላል።

ለአንባቢው አንድ መልመጃ እንተው። በአርጎን ከ3ፒ ምህዋር ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 15.8፣ ከ3ኤስ ምህዋር ደግሞ 29.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። የ3ኤስ ኤሌክትሮን ሲወጣና አንድ የ3ፒ ኤሌክትሮን ቦታውን ሲሞላ የሚተርፈው ኃይል ከጎረቤቱ አርጎን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ ይበቃልን? ሒሳቡን የሠራ ሰው፣ የጎረቤት መኖር ብቻውን እንደማይበቃ ይገነዘባል።