ጫናው ከየት ይመጣል?

የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠናሽን ጨርሰሽ በምዕራብ ሸዋ፣ ከጌዶ ከተማ ራቅ ባለ ጤና ኬላ ተመድበሻል እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። ክትባቱ የሚመጣው ከወረዳ ነው። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ መኪናው ይቀራል። ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ግን የሚጠይቁት አንቺን ነው፤ ወረዳውም ሪፖርቱን የሚጠብቀው ከአንቺው ነው።

በዚህ መሀል የሚሰማሽ ነገር የሥራ ውጥረት ይባላል። ሰውነት አደጋ ሲሸተው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን፣ ማለትም በደም የሚዘዋወሩ መልእክተኞችን፣ ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለአንድ ሰዓት ሲሆን ይጠቅማል። ለወራት ሳይበርድ ሲቀር ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ያነጫንጫል፣ ጉልበት ይጨርሳል።

ታዲያ የሚጎዳው የሥራው ብዛት ነው? ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ መርምሮ ይበልጥ የሚጎዳው ከባድ ጫና ከአነስተኛ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲገናኝ መሆኑን አሳየ። የጤፍ አጨዳ ወቅትን አስቢ። ገበሬው ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ የትኛውን ማሳ አስቀድሞ እንደሚያጭድ ግን የሚወስነው ራሱ ነው። ደቦ ሲጠራ ደግሞ ጫናው ለብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። የሥራ ባልደረባ ድጋፍም ውጥረትን እንደሚያቀል ከካራሴክ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጨምረዋል።

እንግዲህ መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። የመኪናው መምጣት በእጅሽ የለም፤ የክትባቱ ቀን አደረጃጀት ግን በከፊል በእጅሽ ነው። የኩፍኝ ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ የየጎጡን ሕፃናት ቆጥሮ በአንድ ቀን መሰብሰብ ብክነትንም ድካምንም ይቀንሳል። ለእናቶቹም ቁርጥ ያልሆነ ቀን አትስጪ፤ ክትባቱ ሲደርስ በማን በኩል እንደምታስጠሪያቸው ንገሪያቸው። ከባልደረባሽ ጋር ቤት ለቤት ዙሩን ተፈራረቁ፤ ቀኑ የከበደ እንደሆነ ቡና አፍልታችሁ ተነጋገሩበት።

ይህ ሁሉ መኪናውን አያመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይበርድ ከቆየ ውጥረት የሚመጣውን የሥራ ዝለት ከሥራ ቦታ የሚመነጭ ክስተት ብሎ እንጂ በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ የአንቺ ስንፍና አድርገሽ አትውሰጂው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ሌላውን እንደምትመክሪው አንቺም ወደ ሐኪም ሂጂ።

ነገ ጠዋት ጤና ኬላውን ስትከፍቺ ከመዝገቡ አንድ ገጽ ለዚህ መድቢ፦ ምን ጠየቅሽ፣ መቼ ጠየቅሽ፣ ምን መጣ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው ስጪ፤ የጎደለው ነገር ለሚመለከተው ሰው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።