መቶ ሚሊዮን ቁጥሮች በራም ውስጥ

ጥያቄ፦ 100 ሚሊዮን ቁጥሮችን በፓይተን ሊስት የሚጭን ፕሮግራም 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ኮምፒውተር የሚያጨናንቀው ለምንድን ነው? መፍትሔስ አለው?

መልስ፦ የችግሩ ምንጭ ከቁጥሮቹ ብዛት ይልቅ አቀማመጣቸው ነው። በ64 ቢት ፓይተን ሊስት የሚይዘው ቁጥሮቹን ራሳቸውን ሳይሆን በራም ውስጥ የሚገኙበትን አድራሻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አድራሻ 8 ባይት፣ የሚያመለክተው ቁጥር ደግሞ ዓይነቱንና መጠኑን ከሚገልጸው ተጓዳኝ መረጃ ጋር በአብዛኛው 28 ባይት ስለሚፈጅ፣ 100 ሚሊዮን የተለያዩ ቁጥሮች ቢያንስ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳሉ፤ ስርዓተ ክወናውም ቦታ ሲያጥረው መረጃውን ከራም ወደ ዲስክ ማመላለስ ስለሚጀምር ሥራው ይንቀራፈፋል።

በአንጻሩ ኑምፓይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ አሬይ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ቁጥሮችን ያለ አድራሻ ጎን ለጎን የሚደረድረው መዋቅር፣ ከ2 ቢሊዮን ለማይበልጡ ቁጥሮች ለእያንዳንዳቸው 4 ባይት ስለሚበቃው ያንኑ መረጃ በ400 ሜጋባይት ይይዛል። ፕሮሰሰሩም ጎረቤት ቁጥሮችን በአንድ ላይ ወደ ካሽ፣ ማለትም ከራም ወደሚፈጥነው ትንሽ ማከማቻው፣ ስለሚያስገባ ስሌቱ ይፋጠናል። ይህም ጥቅም የሚገኘው ስሌቱ ለኑምፓይ ሲተው እንጂ አሬዩ በፓይተን ዙር አንድ በአንድ ሲነበብ አይደለም፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

መረጃው ከራሙ ከበለጠ፣ ፋይሉን በዲስክ ላይ ትቶ የተፈለገውን ክፍል ብቻ ወደ ራም የሚያመጣው የኑምፓይ ሜምማፕ ይረዳል። ጠያቂው ተጨማሪ ራም ከመግዛቱ በፊት ሊስቱን በአሬይ ቢተካ ይመረጣል።