ውድድር ከመጀመሩ በፊት

ውድድር ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። የገና ዕለት ሜዳ ላይ ሩር ሲመታ፣ በበዓል ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ሲዘረጋ ከልጅነታችሁ ጀምሮ አይታችኋል፤ ተጫውታችኋልም። ለገበያ ከተማ የወረደ ሰው ደግሞ ወጣቶች በረጅም ዘንግ ኳስ እየገፉ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱትን ፑል ሳያይ አይቀርም።

ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አንዱ ያሸንፋል፤ ሌላው ይሸነፋል፤ አለቀ። ሰው ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከየቀበሌው 16 ሰዎች ገበጣ ለመጫወት ሰቆጣ ላይ ቢሰበሰቡ ማን ከማን ይጀምር? የተሸነፈው ወደ ቤቱ ይሂድ ወይስ እንደገና ይጫወት? ቢመሽስ? ይህን አስቀድሞ ያላሰበ አዘጋጅ መልሱን የሚፈልገው በጭቅጭቅ መካከል ነው። በጭቅጭቅ መካከል የተሰጠ መልስ ደግሞ ልክ ቢሆን እንኳ ያደላ ይመስላል። በገበጣ የተጀመረ ነገር በዱላ ሊያልቅ፣ ቂሙም ለልጅ ሊተርፍ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ዛሬ የምናነበው እንግዲህ የብዙ ሰው ውድድር አስቀድሞ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚታቀድ ነው። እስከ አሁን የተማራችሁት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ለዚህ ይበቃል።

በመጀመሪያ የሚታሰበው የጨዋታው ብዛት ነው። ይህም በውድድሩ ዓይነት ይወሰናል።

አንደኛው ዓይነት ጥሎ ማለፍ ይባላል። የተሸነፈ ይወጣል፤ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። ሰዎቹ 16 ቢሆኑ በመጀመሪያው ዙር 8 ጨዋታ ይደረጋል፤ 8 ሰው ይቀራል። ከዚያ 4 ጨዋታ፣ ከዚያ 2፣ በመጨረሻ 1። ሲደመር 15 ጨዋታ ነው። እንዲህ ሳይደምሩም ማወቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሰው ይጥላል። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ከ16ቱ 15ቱ መውደቅ አለባቸው፤ 15 ሰው ለመጣል ደግሞ 15 ጨዋታ ያስፈልጋል። ተወዳዳሪው 23 ቢሆን 22 ጨዋታ፣ 100 ቢሆን 99 ጨዋታ። ይህን ለጎረቤት ብትነግሩት መጀመሪያ አያምን ይሆናል፤ በጠጠር አሳዩት።

ታዲያ 23 ሰው ለሁለት ለሁለት ሲከፈል አንድ ይተርፋል። ምን ይደረግ? እጥፍ እጥፍ እየሆነ የሚሄደውን ቁጥር እንያዝ፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። ከ23 ቀጥሎ የሚገኘው 32 ነው። ከ32 ላይ 23 ሲቀነስ 9 ይቀራል። እንግዲያው 9 ሰዎች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። የቀሩት 14 ሰዎች 7 ጨዋታ ይጫወቱና 7ቱ ያልፋሉ። 9 እና 7 ሲደመር 16 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ ትርፍ ለሁለት ይከፈላል። ዘጠኙ እነማን ይሁኑ ቢባል፣ በዕጣ ነው። አዘጋጁ የአክስቱን ልጅ መርጦ ካሳለፈ ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል ማለት ነው።

ሳይጫወቱ ማለፍ በትልልቅ ውድድሮችም ያጋጥማል። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ የታሰቡት አገሮች አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ተሰረዘች። ስለዚህ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ቀረበች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የጥሎ ማለፍ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ከዝቋላ ቆላ ተነሥቶ ሰቆጣ ድረስ የመጣ ሰው በአንድ ጨዋታ ተሸንፎ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ዓይነት የመጣው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወታል። አሁን ግን ጨዋታው ይበዛል። 16 ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ15 ሰዎች ጋር ይገጥማሉ። 16 ጊዜ 15 240 ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የከበደና የአበራ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ አንዴ በከበደ በኩል፣ አንዴ በአበራ በኩል። ስለዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ 120 ጨዋታ። ከ15 ጋር ስታስተያዩት ስምንት እጥፍ ነው።

ሦስተኛው ሁለቱን ያቀላቅላል። 16ቱ ሰዎች በዕጣ በ4 ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡ 4 ሰው። በምድቡ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል። 4 ጊዜ 3 12፣ ለሁለት ሲካፈል 6 ጨዋታ። አራቱ ምድቦች 24 ጨዋታ ይሆናሉ። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሰው ያልፋል፤ 8 ሰው። እነዚህ 8 በጥሎ ማለፍ 7 ጨዋታ ያደርጋሉ። ጠቅላላው 31 ነው። ማንም ሰው ከ3 ጨዋታ በታች ተጫውቶ አይመለስም። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው።

ትልልቆቹም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ 8 አገሮች በሁለት ምድብ ተከፍለው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተጫወቱ። ያለፉት 4 አገሮች ግን ጥሎ ማለፍ ውስጥ አልገቡም፤ እንደገና ሁሉም ከሁሉም ተጫወቱ። 12 ጨዋታ በምድብ፣ 6 በመጨረሻው ዙር፣ በጠቅላላው 18። መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮና ጊኒ ተገናኙ። ሞሮኮ አስቀድማ 4 ነጥብ ነበራት፤ ጊኒ 3። ያን ጊዜ ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ እኩል መውጣት 1 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ስለዚህ ሞሮኮ እኩል ብትወጣ ይበቃታል፤ ጊኒ ግን የግድ ማሸነፍ አለባት። ጊኒ አስቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሞሮኮ እኩል አደረገች፤ 1 ለ 1። በመጨረሻው ቀን ሳታሸንፍ ዋንጫውን ወሰደች። በሒሳቡ ልክ ነው። ለተመልካች ግን አንዱ አንዱን ጥሎ ሳያይ ወደ ቤቱ መሄድ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ በነጥብ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የፍጻሜ ጨዋታ አለው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 24 አገሮች በ6 ምድብ ይሳተፋሉ፤ ጨዋታው 52 ነው። እንዴት 52 እንደሚሆን ወደ ኋላ ላይ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

አሁን ወደ ገበጣችን እንመለስ። ጨዋታው ስንት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሚቆጠረው ገበጣው ነው። የፑል ውድድር የሚያዘጋጅ ሰውም እንዲሁ ጠረጴዛውን መቁጠር አለበት። አራት ገበጣ አለን እንበል፤ አንዱ ጨዋታም አንድ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሁሉም ከሁሉም ቢጫወት 120 ለ4 ሲካፈል 30 ሰዓት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከብት እስኪገባ ድረስ 5 ሰዓት ብናገኝ ስድስት እሑድ ይወስዳል። ማን ስድስት እሑድ ይመላለሳል? በምድብ ቢሆን 24 ለ4 6 ሰዓት፤ ከዚያ 8ቱ ሰዎች 4 ጨዋታ በ1 ሰዓት፣ 2 ጨዋታ በ1 ሰዓት፣ የመጨረሻው 1 ሰዓት፤ በጠቅላላው 9 ሰዓት። ሁለት እሑድ ይበቃል፤ 1 ሰዓትም ይተርፋል። በጥሎ ማለፍ 5 ሰዓት ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። የተረፈችውን ሰዓት አትናቋት። ከመካከል አንድ ጨዋታ መጓተቱ አይቀርም።

ከብዛቱ ቀጥሎ የሚመጣው ዕረፍት ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህን ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ አራት አገሮች በጥሎ ማለፍ ተጫወቱ። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ግን በከተራ ዕለት ጥር 10 ነው። ፍጻሜው ጥር 13 ተደረገ። ኢትዮጵያ የ7 ቀን ዕረፍት ነበራት፤ ግብፅ የ3 ቀን። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀና ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አገቡ፤ 4 ለ 2። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ተቀበለ። ደስታው የአገር ደስታ ነበር፤ ጎሉንም ያገባው የተጫዋቾቹ እግር እንጂ ዕረፍት አይደለም። ቢሆንም አንድ ገበሬ ትናንት የዋለ በሬና ሳምንት ያረፈ በሬ አጣምሮ እኩል ሳቡ ብሎ አይፈርድም። አዘጋጅ የሆነ ሰው የራሱ ወገን ሲጠቀም ጭምር ይህን ማየት አለበት።

የጨዋታ ሰዓት ከዚህም የባሰ በደል ሊያመጣ ይችላል። በ1974 ዓ.ም. በስፔን በተደረገው የዓለም ዋንጫ አልጄርያ ምዕራብ ጀርመንን አሸንፋ ነበር። የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታዋንም ሰኔ 17 ቀን ቺሌን 3 ለ 2 በማሸነፍ ጨረሰች። ጀርመንና ኦስትሪያ የተጫወቱት በማግሥቱ ነው። ሁለቱም ከመግባታቸው በፊት ሒሳቡን ያውቁታል። ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ጎል ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ፤ አልጄርያ ትወድቃለች። ጀርመን በ10ኛው ደቂቃ አገባች። ከዚያ በኋላ ኳሱን ወዲያ ወዲህ እያሉ ሰዓቱን ገደሉት። ሕዝቡ ጮኸ፤ አልጄርያም አቤት አለች። የፈረሰ ሕግ የለም ተብሎ ውጤቱ ጸና። ከሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ ተወሰነ። እኛም አራት ገበጣ ካለን የምድቡን የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች ጎን ለጎን ማስኬድ አያቅተንም።

ቀን ሲቆረጥ የእርሻው ሥራ ይታይ። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ የተጠራ ውድድር ሰው አያገኝም። በክረምት ደግሞ ወንዝ ይሞላል፤ ሥራውም አረምና ጉልጓሎ ነው። አውድማ ከተነሣ በኋላ ያሉት የበጋ እሑዶች ይሻላሉ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው የጠዋቱ ጨዋታ አይመደብበት፤ ደክሞት ይደርሳልና። ሰቆጣ አጠገብ ያሉት ይጀምሩ።

የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ብዛት፣ እኩል ቢወጡ ወይም ጨዋታው ሳያልቅ ቢመሽ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይጻፍ። ከተጻፈም በኋላ በሁሉ ፊት በአማርኛም በአገውኛም ይነበብ። ዕጣውም በሁሉ ፊት ይውጣ። ከዚያ ማን፣ ከማን፣ በየትኛው ገበጣ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ወረቀት ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ዳኛው ቢሳሳት ማንም ማንበብ የሚችል ሰው ወረቀቱን አሳይቶ ያርመዋል።

በደብተራችሁ ላይ የምትሠሩት

1. በአፍሪካ ዋንጫ 24 አገሮች በ6 ምድብ ይከፈላሉ። በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል። ከዚያ 16 አገሮች በጥሎ ማለፍ ይቀጥላሉ። ለሦስተኛ ደረጃ አንድ ጨዋታ ይጨመራል። 52 ይመጣል?

2. ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ከጋዝጊብላና ከዝቋላ አራት አራት ሰዎች መጡ። ገበጣው 3 ነው፤ ያላችሁም አንድ ቀን፣ 5 ሰዓት ብቻ። የትኛውን ዓይነት ትመርጣላችሁ? ጨዋታው ስንት ይሆናል? የአንድ ወረዳ ሰዎች በመጀመሪያው ዙር እርስ በርሳቸው እንዳይጣጣሉ ዕጣውን እንዴት ታወጡታላችሁ?