ኪስ ባዶ ቢሆንም እጅ ባዶ አይደለም

«ሰው መርዳትማ ደስ ይለኛል፤ ግን እኔ ራሴ የታክሲ ከቤተሰብ ነው የምቀበለው።» ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች አፍ ይህ አይጠፋም። እውነትም ነው። ደመወዝ የላችሁም፤ የባንክ ደብተራችሁም ቢሆን በወላጅ ስም የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ግን ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ሀብታም መሆን አለበት ያለው ማን ነው?

እስቲ ቡሄን አስታውሱ። ዱላ ይዛችሁ በየደጃፉ «ሆያ ሆዬ» ስትሉ አውራጁንና ተቀባዩን ለይታችሁ፣ ታማኝ ገንዘብ ያዥ መርጣችሁ፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ ቆጥራችሁ ተካፍላችኋል። እናንተ ሴቶች ደግሞ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያላችሁ ዞራችኋል። ገንዘብ ማሰባሰብን ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም። አሁን የሚቀየረው ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው። ገንዘቡ የሌሎች ነው፤ የእናንተ ድርሻ ጊዜ፣ ጉልበት፣ አንደበትና ንጹሕ ሒሳብ ነው። አራቱም አሏችሁ!

መጀመሪያ የምትገዙትን ዕቃ ወስኑ

«ለተቸገሩ ወገኖች እንርዳ» ስትሉ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። «ለ20 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 6 ደብተርና 2 እስክሪብቶ እንገዛለን» ስትሉ ግን ቆም ይላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሂዱ፤ የደብተር ዋጋ በደርዘን ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ አባዙና ቁጥሩን ጻፉ። በየወሩ በሞዴስ እጦት ከክፍል የሚቀሩ እህቶቻችሁን ማገዝ ከፈለጋችሁም እንደዚሁ አስሉት።

በ2017 ዓ.ም. ሰይፉ ፋንታሁን በዩቲዩብ በቀጥታ ስርጭት ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ አገር ውስጥም ውጭም ያለው ሰው ተረባርቧል። ለጋሹ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ያውቅ ነበር፤ ተጀምሮ ያላለቀ ሕንፃ መጨረስ ነው። የእናንተ ሕንፃ 20 ልጆች የሚይዙት ደብተር ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር መጨረሻው የሚታይ መሆኑ ነው።

ከዚያ ሥራውን ተከፋፈሉ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። 40 ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል በሳምንት በነፍስ ወከፍ 10 ብር ቢያዋጣ በአራት ሳምንት 1,600 ብር ይሆናል። ይህ ቀላል የሚመስል ሒሳብ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት «አንድ ብር ለአንድ ልብ» ብሎ ሲነሣ የተማሪዎች አንድ አንድ ብር ከሌላው እርዳታ ጋር ተደምሯል። የልብ ማዕከሉም በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ከመዋጮው ሌላ ሥራ ፍጠሩ። የዩኒቨርሲቲ በጎ አድራጎት ክበባት ጫማ እየጠረጉ ገንዘብ ሲያሰባስቡ አይታችሁ ይሆናል። እናንተም ብሩሽ፣ ቀለምና ሁለት በርጩማ ካላችሁ አርብ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊስትሮ መሆን ትችላላችሁ። ጫማውን የሚያስጠርገው መምህር ከተለመደው ዋጋ በላይ እንደሚከፍል አትጠራጠሩ!

ጎበዝ ተማሪ ነሽ? የሚኒስትሪ ፈተና የሚጠብቃቸውን የ8ኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠኚ፤ ክፍያውን ወላጆች ለትምህርት ቤታችሁ በጎ አድራጎት ክበብ ያስገቡ። ኳስ ትወዳለህ? የመምህራንና የተማሪዎች ግጥሚያ አዘጋጁ፤ መግቢያው 10 ብር ይሁን። የስፖርት መምህሩ በረኛ ሆኖ ሲቆም ለማየት የማይከፍል ተማሪ የለም። በሰኔ ያገለገሉ መጻሕፍትን ከየቤቱ ሰብስባችሁ በመስከረም በቅናሽ ሽጡ፤ ሻጩም ገዢውም ይጠቀማል። በወላጆች ቀን ደግሞ ቡና አፍሉ፤ ቆሎና ፈንዲሻ አቅርቡ። ታዲያ የቡናውን፣ የስኳሩንና የከሰሉን ወጪ ሳትቀንሱ «ይህን ያህል አገኘን» እንዳትሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቶምቦላ ማዘጋጀት ካማራችሁ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ለጀማሪ ሌሎቹ መንገዶች ይቀላሉ።

ሳታፍሩ ጠይቁ

ብዙዎቻችሁን የሚያስቆማችሁ ሀፍረት ነው። ለራሳችሁ እየለመናችሁ አይደለምና ቀና በሉ። ንግግራችሁ አጭር ይሁን፦ «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር የምንማር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ለ20 ልጆች ደብተር እየገዛን ነው፤ የ7ቱ ይቀረናል። የአንዱን ይሸፍኑልን?» በቃ። እሺ ካሉ አመስግኑ፤ እምቢ ካሉም አመስግኑ። ዛሬ ያልሰጡ እትዬ ጨዋነታችሁን አይተው ነገ ይጠሯችሁ ይሆናል።

ሱቆችንና መሥሪያ ቤቶችን የምትጠይቁ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ። በቀን ሂዱ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ወላጆቻችሁም የት እንዳላችሁ ይወቁ።

መዝገቡ ይናገር

በጎ ፈቃድን ቶሎ የሚገድለው የሐሜት ወሬ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ መዝገብ ነው። ሦስት ልጆች ምረጡ፦ አንዱ ይቁጠር፣ አንዷ ትጻፍ፣ ሦስተኛው ያመሳክር። ገንዘቡ በየቀኑ ለክበቡ ተጠሪ መምህር ይተላለፍ። በቴሌብር የሚልክ ካለም ትምህርት ቤቱ ወዳወቀው ቁጥር ይላክ እንጂ ወደ ተማሪ ስልክ አይሁን። ደብተሩ ሲገዛ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ገቢና ወጪውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ በሚኒ ሚዲያም አንብቡት። 10 ብሩ የት እንደደረሰ ያየ ሰው በሚቀጥለው 50 ይዞ ይመጣል።

የምታስረክቡበት መንገድም ይታሰብበት። ደብተሩን የሚቀበለው ልጅ የክፍል ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። በሰልፍ ላይ ስሙን አትጥሩ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ለስም ጠሪ መምህሩ ስጡ፤ እሳቸው በጸጥታ ያድርሱት። የተረዳው ልጅ አንገቱን ሳይደፋ ከተማረበት ሥራችሁ ሰምሯል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሌላም ነገር እየሆነ ነው። በሰው ፊት መናገር፣ ሒሳብ መያዝ፣ እምቢታን ችሎ መቀጠል እየተማራችሁ ነው። ነገ ሥራ ስትቀጠሩም ሆነ የራሳችሁን ስትከፍቱ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ለመጀመር የዓመቱን መጀመሪያ አትጠብቁ። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሦስት ጓደኞች ሰብስቡ። ማክሰኞ ዋጋ ጠይቁ። ረቡዕ ከዩኒት ሊደሩ ፈቃድ ውሰዱ። ሐሙስ በሚኒ ሚዲያ አስነግሩ። አርብ ከሰዓት የመጀመሪያዋ 10 ብር እጃችሁ ትገባለች፤ ተራ ቁጥር 1 ብላችሁ መዝግቧትና ወደ ቀጣዩ ሰው ሂዱ!