የዲሲቤል ሒሳብ፦ ከፎቶኒክስ መማሪያ ክፍል እስከ ፋይበር መሥመር

ፎቶኒክስን በማስተርስ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ ዘወትር «ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መስኮችን መደርደር ይሆናል፤ ቴሌኮም፣ የዓይን ሕክምና፣ የሌዘር ብየዳ፣ የሳተላይት ምስል። ይህ ጽሑፍ ዝርዝሩን ትቶ የፋይበር ብክነትን ብቻ ይመለከታል፤ በትምህርቱና በሥራው መካከል ያለው ክፍተት በጉልህ የሚታየው እዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም ባሳተሙት ጥናት፣ የመስታወት ክር ብክነት በኪሎ ሜትር ወደ 20 ዲሲቤል ከወረደ ለመገናኛ እንደሚበቃ አመለከቱ። ይህም ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከገባው ብርሃን 1 በመቶው ይቀራል ማለት ነው። የዘመኑ መስታወት ግን 1000 ዲሲቤል ገደማ ያባክን ነበር። ተመራማሪዎቹ የችግሩ ምንጭ መስታወቱ ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ባዕድ ነገር መሆኑን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የኮርኒንግ ተመራማሪዎች ብክነቱን ወደ 17 ዲሲቤል አወረዱት፤ ዛሬ በ1550 ናኖሜትር 0.2 ያህል ነው። ከዚያ እምብዛም የማይወርደው፣ በአጭር የሞገድ ርዝመት የሬይሊ ብተና፣ በረጅሙ ደግሞ የሲሊካው የኢንፍራሬድ ምጠጣ ስለሚበረታ ነው።

ተማሪው ይህንኑ መዳከም በክፍል ውስጥ የሚያውቀው በኤክስፖነንሻል ቀመር ነው። የአልፋን ዋጋ በ4.343 ቢያባዛው ዲሲቤል ያገኛል፤ ይህን አንድ መስመር ግን ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ ነው የምንማረው።

80 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መሥመር እንውሰድ። ክሩ 16 ዲሲቤል፣ እያንዳንዳቸው 0.05 የሚያባክኑ 20 ብየዳዎች 1 ዲሲቤል፣ ሁለት ማገናኛዎች ሌላ 1 ዲሲቤል ይወስዳሉ። ድምሩ 18 ነው። 1 ሚሊዋት ብርሃን ቢላክ 16 ማይክሮዋት ገደማ ይደርሳል። ተቀባዩ 4 ማይክሮዋት የሚበቃው ከሆነ 6 ዲሲቤል መጠባበቂያ ይተርፋል፤ ለእርጅናና ለጥገና። የኔትወርክ ንድፍ ባለሙያ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ነው።

የባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ ጉዳዩ ይከብዳል። በጅቡቲ በኩል ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የሚያገናኘን በየብስ የተዘረጋ ፋይበር ነው፤ በቁፋሮ ሲቆረጥ ቦታውን ፈጥኖ ማግኘት ያስፈልጋል። የመለኪያ መሣሪያው የብርሃን ምት ልኮ ተበትኖ የሚመለሰውን ይቆጥራል። ክሩን የሚገድበው የሬይሊ ብተና እዚህ ላይ አገልጋይ ይሆናል (ጸሐፊውን ወደ ዘርፉ የሳበውም ይኸው ነው)።

መሣሪያው ርቀትን የሚያሰላው ከተሞላለት የስብራት ጠቋሚ ተነሥቶ ነው። 1.468 መሞላት ሲገባው 1.475 ቢሞላ፣ 60 ኪሎ ሜትር ላይ የተቆረጠውን ክር 285 ሜትር ያህል አቅርቦ ያሳያል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያልተረዳ ሠራተኛ ቡድኑን ጤነኛ ክር ላይ ያስቆፍራል፤ የሞገድ ፍጥነትን ትምህርት በሚገባ የተከታተለ ተመራቂ ግን አስቀድሞ የኬብሉን መግለጫ ያያል።